አስተርጓሚ የቆመበት ንስሐ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮልፌ፣ እኛ ሰፈር፣ አንዲት እናት ከገጠር መጥተው ልጃቸው ቤት ተቀመጡ። ከኦሮምኛ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ገና በሕፃንነታቸው ክርስትና ተነሥተው፣ ጾሙን ጾመው፣ በዓሉን አክብረው ያረጁ ሴት ናቸው። ሕመም ሲጠናባቸው ንስሐ ልግባ አሉ። ቄስ ተጠራላቸው። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛ ግን አይችሉም። ስለዚህ የ11 ዓመቱ የልጅ ልጅ መሐል ተቀምጦ እንዲያስተረጉም ተደረገ።

ልጁ ከክፍሉ ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ማታ ለእናቱ እንዲህ አላት፦ "አኮ ያለችውን ሁሉ አልተናገርኩም። አፈርኩ።"

ይህን ታሪክ የነገረችኝ ራሷ የልጁ እናት ናት። የነገረችኝም ቡና ላይ፣ እየሳቀች ነበር። ሳቋ ግን መሐል ላይ ቆመ። ንስሐ በምእመንና በካህን መካከል የሚቀር ምስጢር ነው። እኚህ እናት የሕይወታቸውን ሸክም ያራገፉት ሕፃን ልጅ ላይ ነው፤ ከሸክሙም ገሚሱ መንገድ ላይ ቀረ። ማንም ክፉ አላደረገም። ቄሱ መጥተዋል፣ ልጃቸው ደክሟል፣ ሕፃኑ የቻለውን አድርጓል። ሆኖም ሴትዮዋ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ እንግዳ ሆኑ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ እንግድነት ነው። ጉዳዩን ከፖለቲካው ጩኸት ለጊዜው ላውጣውና በታሪክ ልየው። ምክንያቱም ይህ ጥያቄ ትናንት የተፈጠረ፣ ካድሬ የፈለሰፈው የሚመስለን ብዙዎች ነን። አይደለም። እኛው ራሳችን፣ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች፣ ይህንኑ ጥያቄ ለ1600 ዓመት ገደማ ለሌላ ሰው ስናቀርብ ኖረናል።

የሰፈራችንን ስም ልብ በሉልኝ። ኮልፌ ሲባል ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ጆሮ ላይ "ኮልፋ" የሚለው ቃል ያቃጭላል፤ ሳቅ ማለት ነው። ቀራንዮ ደግሞ ከወንጌል የመጣ ስም ነው፤ ጌታ የተሰቀለበት ቦታ። ቀራንዮ መድኃኔዓለምም ከአዲስ አበባ ከተማነት በፊት የነበረ ደብር ነው እየተባለ ይነገርለታል። የአንድ ክፍለ ከተማ ስም እንኳ ሁለት ቋንቋ ይዟል። በዚህ ክፍለ ከተማ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ አማራው፣ ጋሞው፣ ትግሬው ጎን ለጎን ይኖራል። መስጊዱና ደብሩ፣ ሙሉ ወንጌሉና መካነ ኢየሱሱ በአንድ መንገድ ላይ ይተያያሉ። የማን ነው ብሎ መጠየቅ የማያዋጣ ሰፈር ቢኖር ይህ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው፣ ከእስክንድርያ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብለው ወደ አክሱም ተመለሱ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ከግብፅ ይመጣ ነበር። አቡኑ ሲያርፉ መልእክተኛ ወርቅና እጅ መንሻ ይዞ በረሃና ባሕር አቋርጦ ካይሮ ይሄዳል። አንዳንዴ ዓመታት ያልፋሉ፤ አገሩ ያለ ጳጳስ ይቀራል። ያለ ጳጳስ ደግሞ ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም። አዲሱ አቡን በመጨረሻ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ የአገሩን ቋንቋ አያውቁም። የሚናገሩት በአስተርጓሚ ነው።

አዎ፣ በአስተርጓሚ። እንደ ኮልፌዋ እናት።

አባቶቻችን ይህን ዝም ብለው አልተቀበሉም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ ጳጳሳት ይጨመሩልኝ ብሎ ጠይቆ እስክንድርያ እምቢ ብላዋለች። ስጋቱ ግልጽ ነበር፤ ቁጥራቸው ከበዛ ራሳቸው አለቃ ይሾማሉ። መከልከያው በሕግ መልክም ተጽፎ ነበር። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 4 ላይ የኢትዮጵያ ሰዎች ከራሳቸው ሊቃውንት ፓትርያርክ አይሹሙ የሚል ቃል አለ። ቃሉ የኒቅያ ጉባኤ ውሳኔ ነው ተብሎ ነው የተጻፈው። በ325 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ ግን ያወጣው 20 ቀኖና ነው፤ በእነዚህ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ አንድም ቃል የለም። ኋላ የተጨመረ ነው። ሊቃውንቶቻችን ግን ለዘመናት ይህንኑ ቃል ሲያነብቡ፣ ሲተረጉሙና ሲታዘዙ ኖሩ።

ታዲያ ነጻነቱ እንዴት መጣ? በአንድ ቀን አልመጣም። በ1921 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ፤ ከእነርሱም አንዱ ኋላ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በፋሺስት ጥይት የወደቁት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ሲሾሙ ግን ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ተባሉ። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጥያቄ እስከ 1951 ዓ.ም. መልስ ድረስ 800 ዓመት ገደማ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የእኛ ሰዎች ለእስክንድርያ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል ነበር። ሃይማኖታችን አንድ ነው፤ ቀኖናችን አንድ ነው፤ አንገነጠልም። የምንጠይቀው ቋንቋችንን የሚያውቅ፣ ከመካከላችን የወጣ አባት ነው። የእስክንድርያ መልስ ደግሞ እንዲህ ነበር፦ አንድነት ይፈርሳል፣ ሥርዓት ይበላሻል፣ ጥያቄው የነገሥታት ፖለቲካ ነው። እውነት ነው፣ ነገሥታቱ የራሳቸው ስሌት ነበራቸው። ቢሆንም ዛሬ ጥያቄው ትክክል አልነበረም የሚል አንድ ኢትዮጵያዊ አላውቅም።

አሁን ስሞቹን ቀይሩና ደግማችሁ አንብቡት።

አንድ ከባድ መከራከሪያ አለ፤ ልዝለለው አልችልም። "ግእዝ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም፤ ስለዚህ የሁሉም ነው" ይባላል። ይህ ከንቱ ቃል አይደለም። የጎንደሩም የወለጋውም ልጅ ፊደል ሲቆጥር፣ ዳዊት ሲደግም፣ ግእዝ ለሁለቱም እኩል ባዕድ ነው። ማንም በእናቱ ወተት አልጠጣውም። ቅዳሴው አክሱምም አንድ፣ ነቀምቴም አንድ መሆኑ ትልቅ ሀብት ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ ሲተረጎም ግእዝ ሕያው ቋንቋ ነበር። አክሱሞች ገበያ የሚገበያዩበት፣ ልጅ የሚቆጡበት ቋንቋ። ተርጓሚዎቹ ግሪክኛውን አስቀምጠው ሕዝቡ ወደሚሰማው ቃል ነው የሄዱት። ግእዝን ቅዱስ ቋንቋ ያደረገው ሕዝብ ስለተናገረው ነው። ሁለተኛ፣ ስብከቱ፣ ምክሩ፣ ንስሐው በግእዝ አይደለም። በአማርኛ ነው። አማርኛ ራሱ ለረጅም ዘመን ከመቅደስ ውጭ የቆመ ቋንቋ ነበር። ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1840 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያውም አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ ካይሮ ተቀምጦ በተረጎመው ላይ ተመሥርቶ፣ በባዕዳን ማተሚያ። አማርኛ ወደ ቅዳሴ ሲገባም ያጉረመረሙ ነበሩ። ዛሬ አማርኛ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ሃይማኖት ፈረሰ ብሎ አያስብም።

ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የራሱ ታሪክ አለው። አናሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ተወልዶ በሕፃንነቱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ። እንደ እርሱው ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ ሥራውን ጀመረ። እርሷ የቋንቋውን ቃላትና ተረቶች ከማስታወሷ እየጻፈች አከማቸች፤ እርሱ ተረጎመ። በ1899 (እ.ኤ.አ.) ሙሉው መጽሐፍ ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። የተጻፈው በምን ነበር? በእኛው ፊደል፣ በሀ ሁ። አናሲሞስ ወለጋ ሲመለስ ካህናት ከሰሱት፤ እንዳይሰብክም ተከለከለ። ሁለት የባርያ ንግድ ሰለባዎች ለሚሊዮኖች መጽሐፍ ሰጡ፤ የአገሩ ቤተ ክህነት ደግሞ ከሰሳቸው። እስኪ በሰከነ ልብ እንጠይቅ፤ ያን ጊዜ ቤተ ክህነቱ መጽሐፉን ተቀብሎ በየደብሩ ቢያስነብበው ኖሮ ዛሬ ምን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ይኖረን ነበር?

ይህ ችግር የኦርቶዶክሶች ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ወንጌላዊ ወዳጄም ቃል አለኝ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ ሚሲዮን የሚሰብክበትና የማይሰብክበት። የትምህርት ቋንቋ አማርኛ ይሁን ተባለ፤ የአካባቢ ቋንቋ የተፈቀደው ለመጀመሪያው ጊዜ፣ ሰዉ አማርኛ እስኪለምድ ነበር። መካነ ኢየሱስ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተመሠረተች። ልብ በሉ፣ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርኳን ያገኘችበት ዓመት ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት ከባዕድ ሞግዚት ወጡ፤ አንዷ ከግብፅ፣ አንዷ ከአውሮፓ ሚሲዮን። ሆኖም ከደርግ ውድቀት በኋላ በአዲስ አበባ ማኅበረ ምእመናን በኦሮምኛ እናምልክ፣ አናምልክ የሚለው ክርክር መካነ ኢየሱስንም ለዓመታት ከፍሏት፣ ኋላ በእርቅ ነው የተቋጨው። ጊታር መያዝ ከዚህ ጥያቄ አያድንም።

የእነዚህ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች ታሪክ በሌላ ቦታም ይገናኛል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደርግ ሁለት ሰዎችን ገደለ። አንዱ ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ የጎጃም ደብረ ኤልያስ ልጅ። ሌላው የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው፤ የወለጋ ቦጂ ልጅ። በግድያቸው መካከል ሁለት ሳምንት ነው ያለው። አስክሬናቸውም የወጣው በአንድ ዓመት፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ገዳዩ አማራ ኦሮሞ፣ ኦርቶዶክስ ጴንጤ አላለም።

ወደ ቅርቡ እንምጣ፤ ቁስሉ ገና አልደረቀምና በጥንቃቄ ልናገር። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት በወሊሶ አካባቢ፣ ሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን፣ ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 መነኮሳትን በኤጲስ ቆጶስነት ሾሙ። ምክንያታቸው ሕዝቡ በቋንቋው የሚያገለግለው አባት አጥቶ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ነው የሚል ነበር። ጥር 18 ቀን ሲኖዶሱ ሹመቱን ሽሮ አወገዛቸው። ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሻሸመኔ ላይ ደም ፈሰሰ፤ ምእመናን በነነዌ ጾም ጥቁር ለበሱ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተፈረመ፤ ሦስቱ አባቶች ተመለሱ። ሐምሌ 9 ቀን ሲኖዶሱ በሥርዓቱ ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ። በዚያው ወር ደግሞ በትግራይ ያሉ አባቶች፣ በጦርነቱ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ዝም አለችን ብለው፣ አክሱም ላይ የራሳቸውን ጳጳሳት ሾሙ።

እኔ ሹመቱ ቀኖና ጥሷል ከሚሉት ወገን ነኝ። ጳጳስ በሦስት ሰዎች ምክር፣ ከጉባኤው ተደብቆ አይሾምም፤ ይህ ከተፈቀደ ነገ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ ሲኖዶስ ይኖረዋል። የመንግሥት እጅም ገብቶበታል ብሎ የሚጠረጥረውን አልወቅሰውም። ነገር ግን መንገዱ ተሳስቷል ማለት ጥያቄው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቻችን በዚያ ሰሞን ሁለቱን አደባለቅናቸው። ቀኖናውን ስንከላከል የኮልፌዋን እናት ረሳናት።

ከውጭ ዓለም አንድ ምሳሌ ላምጣ። ቡልጋሮች በግሪኮች ፓትርያርክ ሥር ሆነው ጳጳሶቻቸው ግሪኮች፣ ቅዳሴያቸው ግሪክኛ ሆኖባቸው ነበር። ራሳቸውን ሲለዩ በ1872 (እ.ኤ.አ.) የቁስጥንጥንያ ጉባኤ አወገዛቸው፤ ቤተ ክርስቲያንን በዘር መከፋፈል ኑፋቄ ነው ብሎም ወሰነ። ውሳኔው ትክክለኛ ሐሳብ ይዟል። ቤተ ክርስቲያን የጎሣ እድር ልትሆን አይገባትም። ችግሩ የተናገረው ማን ነው የሚለው ነው። የራሱን ቋንቋ በሌላው ላይ ሲጭን የኖረ ወገን፣ ሌላው የራሱን ሲጠይቅ "ዘረኛ" አለው። እርቁ የመጣው በ1945 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከ73 ዓመት በኋላ። እኛ 73 ዓመት መጠበቅ እንፈልጋለን?

ሌላም ነገር አለ፤ እኔን በግሌ የሚያሳፍረኝ። ዓለም ላይ በዘር ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን የተገፉ ሰዎች መጠጊያ ሲፈልጉ የወሰዱት ስም የእኛን ስም ነው። በ1808 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቁሮች ለብቻችሁ ተቀመጡ ሲባሉ ወጥተው የመሠረቱት ቤተ ክርስቲያን ስም አቢሲኒያን ባፕቲስት ነው። በ1892 (እ.ኤ.አ.) ፕሪቶሪያ ውስጥ ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ቄስ ነጭና ጥቁር ካህን ለየብቻ የሚሰበሰብበትን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ትቶ ሲወጣ አዲሱን ማኅበር "የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን" አለው። መዝሙረ ዳዊት ላይ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለውን አንብቦ ነው። ከዓድዋ ድል 4 ዓመት ይቀድማል።

ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ1962 (እ.ኤ.አ.)፣ ከዚያው አገር አንድ ሰው የጦር ትምህርት ሊማር መጣ። የመጣው እዚሁ ሰፈራችን፣ ኮልፌ የፖሊስ ሠራዊት ግቢ ነው። ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ይባላል። ካስተማሩት አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው፤ ኋላ ጄኔራል ሆነው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መሪ የሆኑት። ማንዴላ ጥቁር ወታደር በጥቁር አዛዥ ሲታዘዝ አይቶ ተደነቀ። አስተማሪው ግን ብዙ ሳይቆዩ በገዛ አገራቸው የሕዝባቸውን ቋንቋና ክብር ጠይቀው ታሰሩ። ኮልፌ ሁለቱንም ታሪክ ታውቃለች።

የእኛው ቤተ ክርስቲያን በ1970 (እ.ኤ.አ.) ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉትን አባት ጃማይካ ልካ ማስተማር ስትጀምር ለጃማይካውያን በእንግሊዝኛ ነው የቀደሰችው፣ ያጠመቀችው። ቦብ ማርሌይንም በመጨረሻ ዘመኑ ያጠመቁት እኚሁ አባት ናቸው። ማንም ቀኖና ፈረሰ አላለም። ኪንግስተን ላይ እንግሊዝኛ ከተፈቀደ ኮልፌ ላይ ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ፣ ጋሞኛ እንዴት ስጋት ይሆናል?

እሑድ ጠዋት ቀራንዮ መድኃኔዓለም በር ላይ ቁሙና ነጠላውን ተመልከቱ። ያ ሁሉ ነጭ ልብስ፣ "የሐበሻ ልብስ" የምንለው፣ አብዛኛው የተሸመነው በጋሞ ሸማኔ እጅ ነው። ሸማኔው ለዘመናት በሙያው ሲናቅ፣ በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯል። እኛ ግን እርሱ የሠራውን ለብሰን ነው ቅዱስ ቅዱስ የምንለው። የባህላችን ምልክት በምንለው ነገር ውስጥ የሌላው እጅ አለበት። ይህን ያየ ሰው "የእኔ ቤተ ክርስቲያን" ሲል ድምፁን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል።

ወደ ዘነበወርቅ ውረዱ። በንጉሡ ልጅ ስም የተጠራውና ኋላ አለርት የተባለው ሆስፒታል ከመላ አገሪቱ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሰብስቧል። ትግሬው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ወላይታው ከየቀዬው ተባርሮ እዚህ ጎረቤት ሆነ፣ ተጋባ፣ ወለደ። ደብራቸው ገብረ ክርስቶስ ነው፤ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ለማኝ መስሎ የኖረው ጻድቅ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ብዙዎቹ የተቀበሩት በዚሁ ደብር ነው። በዚያ ሳምንት ለቅሶው በየቋንቋው ነበር። ማንም ለማንም አላስተረጎመም፤ ሁሉም ገባው።

ለቀብር አንድ ነን። በእድሩ፣ በድንኳኑ፣ በንፍሮው አንድ ነን። ጥያቄው ከቀብር በፊት፣ ሰዉ በሕይወት ሳለ፣ አንድ መሆን እንችላለን ወይ ነው።

የምለው ትልቅ ነገር አይደለም። በየደብሩ ቢያንስ አንድ የአካባቢውን ሕዝብ ሌላ ቋንቋ የሚችል የንስሐ አባት ይመደብ። ካህናት ማሠልጠኛው ግእዝ እንደሚያስተምር ሁሉ ከአገሩ ቋንቋዎች አንዱን ያስተምር። የሰንበት ትምህርት ቤቱ በሁለት ቋንቋ ይዘምር፤ ለየብቻ ሳይሆን በአንድ አዳራሽ። ግእዙ ይቆይ፤ ማንም ይነሣ አላለም። ኦሮምኛ ተናጋሪው ወንድሜም "የእኛ ብቻ" የሚል ደብር አይመኝ፤ የተገፋ ሰው ተራው ሲደርስ የሚገፋ ከሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። እነዚህ ነገሮች ሲኖዶስ አያስከፍሉም። የፖለቲካ ሰውም አያስፈልጋቸውም።

እኚያ እናት ያን ዓመት ሳይወጡ አረፉ። ልጁ አሁን አድጓል፤ ዲያቆን ሆኗል። አንድ ቀን ቄስ መሆን እንደሚፈልግ ነገረኝ። ለምን ስለው ብዙ አላብራራም። "ሁለቱንም ቋንቋ እችላለሁ" ብቻ አለኝ።